በሰሊጥ ጆንያ መሃል የተስተካከለ ዘፈን

ሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ነጋዴ፣ ደላላ፣ ፈታሽና ሾፌር ሞልቷታል። የጎደላት የሮክ ሙዚቀኛ ነበር፤ እሱንም ደምለው ሞላላት። ይህን ታሪካዊ ኃላፊነት የተሸከመው ማንም ሳይመርጠው ነው። ደጋፊ አልነበረውም፤ ይባስ ብሎ ተቃዋሚም አልነበረውም።

ደምለው የጎንደሩ ባለሀብት የአቶ አዛናው የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ነው። የሚያድረውም እዚያው፣ በሩ ጥግ በተዘረጋች የሽቦ አልጋ ላይ። ጊታሩን ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ገዝቶ በእግሩ አሻገረው፤ ፈታሾቹ የጊታሩን ሆድ በባትሪ አይተው ኮንትሮባንድ ሲያጡበት ከልብ አዘኑ። በ2008 ዓ.ም. መኸር በወንዙ ስም «ጓንግ ሲደርቅ» ያለውን ዘፈኑን ባረጀች ላፕቶፑ ቀዳ። የቀረው ማስተሪንግ ነበር፤ ዘፈኑ በየትኛውም ስፒከር ቢከፈት ደህና እንዲሰማ ድምፁን የማመጣጠን የመጨረሻ ሥራ። ሠርቶት አያውቅም።

ሌላው ዓለምን ሊገለብጥ ሲነሣ፣ የደምለው ምኞት አንድ ሰው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው እንዲሰማለት ብቻ ነበር። ሰፊውን ሕዝብ መቀስቀስ ከዚህ ይቀላል። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣው ዋለ ትንሽ ሰምቶ፣ «ጥሩ ነው የኔ ወንድም፤ ዘፈኑ ግን መቼ ነው እሚጀምር?» ብሎት ማጭዱን ይዞ ወጣ።

መጋዘኑ ያኔ እስከ ጣሪያው ሰሊጥ ነበር። ደምለው በጆንያዎቹ መሃል በቀረችው ቀዳዳ ስፒከሩን አስቀምጦ፣ በር ዘግቶ፣ በላብ እየታጠበ ሥራውን ጀመረ። ዘፈኑ ታፍኖ ተሰማው። ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። አሁንም ታፈነ። ጨመረ። ጆንያዎቹ የሰጣቸውን ሁሉ ዋጡ፤ ከአቶ አዛናው ተምረው ይሆናል። በመጨረሻ ለጆሮው ጥርት ሲልለት፣ «ኻላስ! አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱንም ጆንያዎቹ ዋጡት።

ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ዘፈኑን በፍላሽ ጭኖ ለሷሊህ ወሰደለት። ሷሊህ ለባጃጅ ሾፌሮች ዘፈን የሚጭን ባለሱቅ ነው፤ ደጁ ላይ ትልቅ ስፒከር አለው። ከፈተው። ፊት ለፊት ጁስ የምትሸጠው ውባንች ጆሮዋን ያዘች።

«ኧረ አንተ ሷሊህ፣ ጥርሴን! ቆርቆሮ ነው እንዴ የምታስፍቅብን?»

«ግራይንደር ነው!» አለ አንዱ ሾፌር። «ብየዳ ቤት ከፍተሃል እንዴ?»

ሷሊህ ዘጋው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሆድ አይባስህ፤ ደንበኞቼን ግን ትበትንብኛለህ።»

ደምለው እንደተሸነፈ ድርጅት ሁሉ ጥፋቱን ከራሱ በስተቀር ለሁሉም አከፋፈለ፦ ለስፒከሩ፣ ለሷሊህ፣ ላልነቃው ሕዝብ።

ጥር ላይ መኪኖች መጥተው ሰሊጡን ጭነው ሄዱ። ደምለው ባዶው መጋዘን ውስጥ ዘፈኑን ከፈተ። ጊታሩ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ እንደ ምላጭ ቆረጠው። ለካ ቀጭኑን ድምፅ ሲውጥ የኖረው ጆንያው ነው። ያን ሁሉ ላብ ያፈሰሰው ዘፈኑን ሲያስተካክል አልነበረም፤ ሰሊጥ ሲያባብል ነበር። ግለ ሂስ የሚያደርግበት ስብሰባ እንኳ የለው፤ ለማን ይናዘዝ?

እንደገና ጀመረ። ቀጭኑን ድምፅ በትንሽ በትንሹ ቀነሰ። አንዴ መጋዘን ውስጥ፣ አንዴ ግቢው ላይ፣ አንዴ በስልኩ እየሰማ፣ የትም ሲከፈት አንድ ዓይነት እስኪሆንለት ለፋ።

ሷሊህ ብዙ ከተለመነ በኋላ ከፈተለት። በዚህኛው ቀን ጆሮውን የያዘ የለም። ውባንች ማንጎ ላጠች። ሾፌሮቹ ስለ ቤንዚን ተጨቃጨቁ። ቀና ያለ የለም። ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳያስቀይም ገበያው መሃል አለፈ።

«ሰማኸው?» አለ ደምለው።

«ሰማሁት። አሁን ደህና ነው።»

«እስከ መጨረሻው?»

ሷሊህ ሜሞሪ ካርድ እየነቀለ ቀና አለ። «አልቋል እንዴ?»

ደምለው ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ። መጋዘኑ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ የሽቦ አልጋው ላይ ተቀምጦ ዘፈኑን ከፈተ። እስከ መጨረሻው ሰማው።