ጎህ ሲቀድ የመጡ እንግዶች

የካናዳ ወታደር ነኝ። ባሕር ማዶ የሚወስደንን መርከብ እየጠበቅን ቶሮንቶ ወደብ ዳር ካምፕ ገብተን ነበር። ሥራችን ሻንጣ ማሰር፣ ለፍተሻ መፍታት፣ መልሶ ማሰር ብቻ ነው። "ነገ ትሄዳላችሁ" ይሉናል፤ ነገም እዚያው ነን።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ተረኛው ጠባቂ "እንግዶች መጥተውልሃል" ብሎ ቀሰቀሰኝ። ብወጣ፣ ፓስተራችንና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ከከተማው ዳር፣ ከሬክስዴል ሰፈር ድረስ መጥተው፣ ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሐበሻ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ አይደል? የእማዬ ግፊት ደግሞ ሰሞኑን ከፍ ብሏል። ማታ ስደውልላትም አላነሳችም።

"ሰላም ነው?" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ተሾመ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል።"

የበሩን ብረት ጨብጬ ያዝኩ።

"አይዞህ፣ ወታደር አይደለህ? ጠንከር በል እንጂ!" ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

"እማዬን! እማዬን!" እያልኩ አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት እትዬ አልማዝም ምን እንደሆንኩ ሳያውቁ አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። ለካ ሰዎቹ ሥራ ሳይገቡ እጅ ጭነው ሊጸልዩልኝ ኖሯል የመጡት።

ይሄኔ መኪና ልታቆም ወደ ኋላ የቀረችው እናቴ ጩኸቱን ሰምታ፣ ያመጣችልኝን ዳቦ ቆሎ መንገድ ላይ እየበተነች ሮጣ ደረሰች።

"ወይኔ ልጄን! ማን ሞተብን?"

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ "አንቺ!" አልኳት።