ለመድኃኔ ዓለም የተመረጠው አውራ

እናቴ ስለቷን የተሳለችው በታይፎይድ ተኝቼ በነበረበት ክረምት ነው። «ልጀን ካስነሣህልኝ፣ ከዶሮዎቼ ምርጡን አውራ አስገባለሁ» ብላ ለመድኃኔ ዓለም ቃል ገባች። ተነሣሁ። ከአልጋዬ ሆኜ በበሩ በኩል የማየው ጫጩቶቹን ብቻ ስለነበር፣ የተነሣሁት የዶሮ ሊቅ ሆኜ ነው።

ከዚያ ዓመት ጫጩቶች ጭልፊት ያስተረፈልን ወንድ ሁለት ነበር። ሁለት አውራ በአንድ ግቢ ሲደባደብ ይውላል እንጂ አይረባም፤ አንዱ ለዘር ይቀራል፣ ሌላው ይሸኛል።

ቀዩ ቁመናው ያስደነግጣል። አናቱ ላይ ያለው ኩክኔ ድርብ፣ ጅራቱ ረጅም፣ አረማመዱ የወረዳ ምክትል አስተዳዳሪ። ጥሬ ሲበተን ግን ቄቦቹን ገፍትሮ ብቻውን ይለቅማል፤ የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ጎተራ ሥር ይገባል። ሌላው ገብስማ ነው፤ አጭር፣ ግራጫ፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግን ጥሬ ሲያገኝ ቄቦቹን ጠርቶ ያበላል። ጭልፊት ሲመጣ እየጮኸ ሁሉንም ያስገባና ራሱ ሜዳ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ክንፉን ተቦጭቆ እንኳ አልሸሸም። ወደድሁት። የከርሞ ጫጩቶች ሁሉ የእሱ ልጆች እንዲሆኑ ቆረጥሁ።

ችግሩ እውነቱን ከተናገርሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው እሱ መሆኑ ነው።

የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዋዜማ እናቴ ጠራችኝ።

«ስታያቸው የምትውይው አንች ነሽ። በይ ንገሪኝ፣ ምርጡ የትኛው ነው?»

«ቀዩ ነዋ፣ እማየ!»

«እርግጠኛ ነሽ? የስለት ነገር ነው።»

«ምን ጥርጥር አለው? እስቲ ጅራቱን እይው!»

መድኃኔ ዓለም ጭልፊት አያሰጋው፤ ቆንጆውን ቢሰጡት ምን ይጎድልበታል? ብዬ ራሴን አሳመንሁ። በማግሥቱ ግን ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ከቤት ቀረሁ። ዋሽቶ ቅጥሩን መርገጥ ያስፈራል።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ የስለት ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ በጨረታ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ እናቴ ስትመለስ ነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ይንፈራገጣል። ገለጥ ብታደርገው፣ ቀዩ!

«ከአንበሳሜ ከተማ የመጣ ነጋዴ ሊወስደው ሲል አንጀቴ አልችል አለ» አለች ፊቷ በርቶ። «ለፋሲካ ቅቤ ያስቀመጥኋትን ብር ጨመርሁና አስቀረሁት። ስለቴም ደረሰ፣ ምርጡም ለዘር ተረፈልሽ። ለፋሲካ ያ ገብስማው ይበቃናል።»

ምን ልበላት? በእኔው ነፍስ የተሳልሽውን ስለት እኔው አታለልሁት ልበላት? አፈርሁ። ቅቤዋን ያህል ነገር ለእኔ ብላ ሰጥታለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ዶሮ መስጠት ከብዶኛል።

«ገብስማው እኮ ሥጋ አልያዘም» አልሁ።

«እስከ ፋሲካ ይይዛል። አንች እየቀለብሽ።»

እኔው ቀለብሁት። የማበላውን ገብስ መልሶ ቄቦቹን እየጠራ ሲያበላብኝ፣ «ብላ አንተ ሞኝ» እያልሁ እቆጣው ነበር፤ ቢከሳ ይተርፋል ብዬ ደግሞ በማግሥቱ ጥሬውን አሳንሳለሁ። እናቴ ታየኝና ትጨምርበታለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ የተናገርሁትን ለማጥፋት አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከጉሮሮዬ ደርሳ ተመለሰች።

የፋሲካ ለት ጎረቤታችን መጥቶ አረደው። እናቴ ከድስቱ ፈረሰኛውን መርጣ አወጣችና በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ጉረሽ ልጀ፣ ከሞት የተረፍሽልኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ጎረስሁ። ጣፈጠኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።