ዓይኔ በላው የተባለው አበባ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ... ጎረቤቴ ሆዳን ናት። በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው ጆግ ሙሉ ውሃ ይዛለች።

«ነይ ታጠቢልኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«እጅሽንና ፊትሽን ታጠቢልኝ። ውሃውን አበባዬ ላይ ላፈሰው ነው።»

ቆይ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔና ሆዳን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር ነን። ግቢያችንን ማሳመር የጀመርነውም ባንድ ሰሞን ነው። እኔ ተጨንቄ ተጠብቤ ነው የገባሁበት። ስልኬ ላይ የግቢ ፎቶ ሳገላብጥ ስንት ወጥ አሳረርኩ! በመጨረሻ የመረጥኩት ከግንብ እስከ ግንብ አረንጓዴ ሳር፣ ዳር ዳሩን ነጭ ጠጠር፣ መሃል ላይ ጽጌረዳ ነው። ሳሩ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ነው የመጣው፣ ቀልድ አይደለም።

ሆዳን ደግሞ ምንም አልመረጠችም። ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ያገኘችውን ትተክላለች። ጀልዴሳ ዘመድ ጥየቃ ከሄደች እሬት ነቅላ ትመጣለች። ከሰው አጥር ቡገንቪላ ቆርጣ ትሰካለች፣ በተቀደደ የዘይት ጀሪካን ሎሚ ታበቅላለች። መሬቱን አሸዋ አለበሰችው፣ የድሮውን የኒም ዛፍ እንዳለ ተወችው... በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ የድሬ ሙቀት መጣ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያውም ከመጣ። ሳሬ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ አሁን ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጽጌረዳውም እንደተቃጠለ ወረቀት ተጠቀለለ። የሆዳን ቡገንቪላ ግን አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ የውጭ በሯን ዞሮ፣ ከላይ እስከ ታች ሮዝ ሆነ!

ይህንንም እችለው ነበር። የጨረሰኝ ባሌ ነው። ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን ሳሎን ይወረውርና «እስቲ እነ ሆዳን ጋ ጥላ ልቀመጥ» ብሎ ውልቅ። ከሆዳን ባል ጋር ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ሲስቅ በአጥሩ በኩል እሰማዋለሁ። እኔ ቤት እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ቀናሁ... ምን እደብቃለሁ? ምግብ እስኪያስጠላኝ ቀናሁ።

አንድ ሐሙስ ታዲያ በሯ ላይ ቆሜ አበባውን ሽቅብ አየሁት። «ውይ ሆዳን! ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሆነው?» አልኳት።

ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ የሰው ነገር ሲያደንቅ «ማሻአላህ» ይላል። ልጅ ሲያይም፣ አዲስ ቀሚስ ሲያይም። ዓይን እንዳይበላው ነው። እኔም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... ግን አልወጣም። ኒሙ ሥር የተቀመጠችው የሆዳን እናት ሐጃ ፋጡማ (በድሬ ወግ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ነው የምንለው) አፍ አፌን እያየች ጠበቀችኝ። ሳልለው ወደ ቤቴ ገባሁ።

በነጋታው የሆዳን ባል የውሃ ቧንቧ ሊቀብር አጥሩ ሥር ሲቆፍር ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ቡገንቪላው ቅጠሉ ተንጠልጥሎ፣ አበባው መሬት ላይ ረግፎ ተገኘ። ሆዳንም ሳፋ ይዛ እኔ ጋ መጣች።

«ሆዳን፣ ባልሽ ሲቆፍር ሥሩን ቆርጦት ነው እኮ!» አልኳት።

«ይሆናል» አለች። «ግን አንቺም ታጠቢ። ዓይን የበላውን የሚያድነው ያየው ሰው እጣቢ ነው።»

«እኔ ቡዳ ነኝ ወይ?»

«አቦ ተይ! ማን ቡዳ አለሽ? የወዳጅም ዓይን ይበላል። እናት የገዛ ልጇን ዓይኗ ይበላ የለ? እናቴ ከነጋ ጀምሮ አላስቀመጠችኝም። ወላሂ አፍሬ ነው የመጣሁት... ታጠቢና እንገላገል።»

ልቤ ተከፈለ። ከታጠብኩ «አዎ ቀንቻለሁ» ማለቴ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያየኝ ልጁን በቀሚሱ ሊሸፍን ነው። እምቢ ካልኩ ደግሞ እንዲደርቅባት የፈለግኩ ይመስላታል፤ ከሆዳን ጋር አበቃልን። ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። አበባዋ ቢያስቀናኝም እሷን የሚያህል ሰው የለኝም።

ደግሞስ... ቀንቼ ነበራ!

ታጠብኩ። እሷ ታፈሳለች፣ እኔ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብያለሁ። «ክንድሽንም» አለች። ክንዴንም። «ማሻአላህም በይ።» አልኩ፣ ያውም ደጋግሜ። እጣቢዬን እንደ ጠበል ተጠንቅቃ ይዛው ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ቡገንቪላው አቆጠቆጠ። አሁን ጭራሽ ካለፈው በልጦ አብቧል። ሐጃ ፋጡማ ባየችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ ሰፈሩም አልሸሸኝም። የኔ ሳር ግን እንደደረቀ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ... ለእኔስ ማን ታጠበልኝ?

ትናንት ከሰዓት ሳፋዬንና ጆጌን ይዤ ሆዳን ግቢ ገባሁ። ባሌ እንደ ልማዱ ምንጣፉ ላይ ነው።

«ነይ ታጠቢልኝ» አልኳት። «ሳሬ የተተከለ ቀን መጥተሽ አይተሽዋል። ማሻአላህ ስትይ አልሰማሁም።»

ሆዳን ሳፋውን አየች፣ እኔን አየች። እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረችና ተወችው።

«መታጠቡንስ እታጠብልሽ ነበር» አለች አንጀቷ ተንሰፍስፎ። «ግን ወላሂ ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ቀንም አልቀናሁበትም።»

«ማንም አልቀናበትም፣ ልጄ» አለች ሐጃ ፋጡማ ከኒሙ ሥር።

ባሌ ትራሱን ፊቱ ላይ ደፍቶ በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ትከሻው ይታየኛል።

ሰው ከዓይን ጠብቀኝ ብሎ ይጸልያል... እኔ ሳሬን የሚበላልኝ አንድ ዓይን አጥቼ ባዶ ሳፋዬን ይዤ ተመለስኩ።