ባለ ሥጋ ቤቱ ኤልመርና አማቹ አሰልጣኝ

ኮርቢን ፎልስ ውስጥ ስለ ኳስ፣ ስለዚያ እየታቀፈ ስለሚሮጥበትና በእጅ ስለሚወረወረው የአሜሪካን ኳስ፣ የማያውቅ ሰው የለም። መከራችንም እሱ ነው። አራት ሺህ ነዋሪ አለን፤ ከሕፃናቱና አልጋ ከያዙት በቀር ሁሉም አሰልጣኝ ነው። የጥርስ ሐኪማችን አፍህን ከፍቶ መሰርሰሪያውን ካስገባ በኋላ «አርብ ዕለት ለምን አልወረወሩም ትላለህ?» ይልሃል፤ እንዳትመልስለት አድርጎ ነው የሚጠይቅህ። አንድም ቀን ኳሷን አቅፈን አሥር ያርድ ሮጠን የማናውቅ ሰዎች፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች እንዴት መሮጥ እንዳለባቸው ስንከራከር ሾርባችን ይቀዘቅዛል።

ኤልመር ቫንደርዛንደን ደግሞ የሁላችንም አለቃ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሥጋ ቆራጭ ሆኖ ኖሯል፤ ሱቁን ለሌላ ሰው ካስረከበ በኋላም ኅዳር ላይ የአደን ወቅት ሲከፈት ከተማው የገደለውን አጋዘን ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚያመጣው። ቆዳውን ገፍፎ፣ ሥጋውን ቆራርጦ፣ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ፣ «የተፈጨ»፣ «ለወጥ»፣ «የጀርባ ሥጋ» እያለ በጥቁር ቀለም ይጽፍበታል። በዚህ ሙያው የሚያማው የለም። የኳስ ታሪኩ ግን አጭር ነው። በወጣትነቱ ለትምህርት ቤታችን ቡድን ተመዝግቦ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ፤ በመጨረሻው ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ አስገቡት። ገብቶም የራሱን ቡድን ልጅ ጠልፎ ጣለ።

እንግዲህ ይኼ ሰው ነው ሰኞ ሰኞ የሚመክረን። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሎሬይን መጠጥ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። አሰልጣኞቹ የአርቡን ጨዋታ ፊልም ግድግዳው ላይ ያሳዩናል፣ እኛ ቋሊማችንን እየበላን እናጉረመርማለን፣ ከዚያ አንድ አሮጌ የተጫዋች የራስ ቁር ይዞራል። ምክር ያለው ስሙን ሳይጽፍ በብጫቂ ወረቀት ጽፎ እዚያ ውስጥ ይከታል፤ ሎሬይን ሰብስባ ለአሰልጣኞቹ ትሰጣለች። ስም የማይጻፈው ሰው ሳይፈራ እውነቱን እንዲናገር ነው ይባላል። ኧረ ወዲያ! ማግስቱን ፖስታ ቤት ስንገናኝ ዓይናችንን በጨው አጥበን ሰላም እንድንባባል ነው።

ኤልመር ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ሰኞ ሳይጽፍ አልቀረም። በተለይ የማጥቃት አሰልጣኞቹ ላይ ጥርሱን ነክሷል። ኳሷ በእኛ እጅ ስትሆን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለን፤ በየሙከራው ይሮጥ ወይስ ይወርወር ብሎ የሚወስነው የማጥቃት አሰልጣኙ ነው፤ ስለዚህ ስናሸንፍ የሚመሰገኑት ልጆቹ፣ ስንሸነፍ የሚሰደበው እሱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሦስቱ ሄደዋል። አንዱ ጡረታ ወጥቶ፣ አንዱ ወገቡን ታሞ፣ አንዱ ሚስቱ ብርዳችንን ጠልታ። ኤልመር ግን «ሦስቱንም ያባረርኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ በልቡ ይኮራ ነበር።

አራተኛው ሲሾም ጉድ ፈላ። ኮሪ ሊንድፎርስ ማለት የኤልመር አንዲት ልጅ የክሪስታ ባል ነው። አሪዞና ነበር የሚኖሩት። ካቻምና ኮሪ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ እኛ ትምህርት ቤት ሲቀጠር ክሪስታ ልጃቸውን ዊላን ይዛ መጣች፤ ዊላ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ለብቻው እንቁላል እየጠበሰ ይኖር የነበረው ኤልመር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከልጅ ልጁ ጋር ፓንኬክ መብላት ጀመረ። ፊቱ ሁሉ ተለወጠ። ዘንድሮ ደግሞ ኮሪ የማጥቃት አሰልጣኝነቱን ደርቦ ያዘ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን፤ ሃያ ስምንት ለሰባት። ጤነኛ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይተኛ ነበር። ኤልመር ግን እጁን በላው። ሰኞ፣ ማንም እንዳያውቀው በትልልቅ ፊደል፣ «ዕድል ነው እንጂ ዘዴ አይደለም። ውርወራ በዝቷል። በመሃል ይሮጥ» ብሎ ጻፈ። ተሸነፍን። «መሮጥ ብቻ ምን ይሠራል? ይወርወር» አለ። ተሸነፍን። እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስተኛው ጨዋታ ላይ አንድ አሸንፈን አምስት ተሸነፍን። እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ታዲያ ኤልመር ማር ነበር። «አይዞህ ልጄ፣ ነፋሱ ነው» ይልና ድንቹን ያቀብለዋል። ኮሪም «እሺ አባባ» ብሎ ሳህኑን ያያል። በቃ፣ ሌላ ወሬ የላቸውም።

በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ የሎሬይን ምድር ቤት ተቀጣጠለ። ትምህርት ቤቱ «ሁለት ጨዋታ ሲቀር፣ ማለትም በሚቀጥለው ሰኞ፣ የሰኞ ማኅበራችሁ በማጥቃት አሰልጣኙ ላይ ድምፅ ይስጥ፤ ያላችሁትን እንቀበላለን» ብሎናል። ይቀየር ወይስ ይቆይ? ለእኛ ለወሬኞቹ ሠርግና ምላሽ ነው። ኮሪ የዚያን ዕለት ፊልሙን አሳይቶ ቀደም ብሎ ወጥቷል።

«ሦስተኛ ሙከራ ነው» አለ ኦርቪል፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር የነበረው። «የቀረን ሁለት ያርድ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊታችን ይነፍሳል። እና ይወረውራል? እግዜር ያሳያችሁ!»

«ባለፈው ሳምንት ለምን ሮጠ ብለህ ጠረጴዛዬን ስትደበድብ አልነበር እንዴ?» አለች ሎሬይን።

«ባለፈው መሮጥ አልነበረበትማ! ይኼ ልጅ እኮ የሚያስበው አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነው!»

«እስቲ ኤልመር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ ዘመድ ነኝ» አለ ኤልመር ደረቱን ነፍቶ። «ለእኔ የሚሻለኝ ዝም ማለት ነው።»

«ዝም!» አለ ኦርቪል፤ ቢራው ትን እስኪለው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ኤልመር ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። ይልቅ የራስ ቁሩ ሲደርሰው ጎንበስ ብሎ «ውርወራው ይቁም። በመሃል ይሮጥ። ሌላ ምንም አይሞከር» ብሎ ጻፈና ከተተ።

አርብ በመሃል ሮጥን። ሌላ ምንም አልተሞከረም። ሠላሳ አንድ ለሦስት ተሸነፍን። ኤልመር ሰባት ሰዎች አልፎ እስኪሰማ ድረስ «ኧረ ወርውር! ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሎሬይን አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ዊላን ሊወስድ ሲሄድ ክሪስታ ወጥ ቤት ቆማ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ቁጭ በል። ሰኞ ይቀየር ካሉ እንሄዳለን። አሪዞና የድሮ ትምህርት ቤቱ ቦታ አለ ብሎታል።»

«ምን ነካችሁ? ኳስ እኮ ነው! ማስተማሩን ይቀጥላል…»

«እዚህ ከተማ? ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሰው ያፈጥበታል። ዊላን መዋለ ሕፃናት ውስጥ አባትሽ ደደብ ነው አሏት። ከየት እንደሰሙት ታውቃለህ? ከየቤታቸው ነው፣ አባዬ።»

ኤልመር ዊላ የሌለችበት ቅዳሜ ታየው፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ ሬዲዮ። «ኮሪ የት ነው?» አለ።

ኮሪ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ስድስት ብጫቂ ወረቀቶች በተርታ ተለጥፈዋል። በየወረቀቱ ሥር የጨዋታ ዕቅድ ተሥሏል፤ ቀስት፣ ክብ፣ ቁጥር። ኤልመር መነጽሩን አስተካክሎ የመጀመሪያውን አነበበ። «ዕድል ነው እንጂ ዘዴ አይደለም።» ከሥሩ የሁለተኛው ጨዋታ ዕቅድ፤ በመሃል ሩጫ። ቀጥሎ «ይወርወር»፤ ከሥሩ ውርወራ ብቻ። ስድስተኛው የትናንቱ ነው።

«እነዚህን… ማን ጻፋቸው?» አለ፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

ኮሪ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባባ፣ ማቀዝቀዣችን ውስጥ አሥራ ስምንት ጥቅል የአጋዘን ሥጋ አለ። ሁሉም ላይ ያለው ይኸው ጽሕፈት ነው።»

ኤልመር መነጽሩን አወለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተደብቄ እጽፋለሁ ያለው ሰውዬ! «ሌላ ሰውስ ያውቃል?»

«ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ ያውቃል።»

«እና አንተ ያልኩህን ሁሉ ታደርጋለህ? አብደሃል? አንዱ ከሌላው ጋር እኮ አይገጥምም!»

«አይገጥምም፤ ዐውቃለሁ» አለ ኮሪ፤ ድምፁ ቀጠነ። «እኔ አባቴን አላውቀውም። ክሪስታ ‹አባዬ ከሰው ጋር ስለ ኳስ ካወራ ወደደው ማለት ነው› አለችኝ። እሑድ እሑድ ድንች ነው የሚያቀብሉኝ። የሚያወሩኝ ሰኞ፣ በወረቀት ብቻ ነው። የነገሩኝን ብሠራ አንድ ቀን በአፍዎ ያወሩኛል ብዬ ነው።»

ኤልመር እንዲህ ያለ እፍረት በሰባ አንድ ዓመቱ አይቶ አያውቅም፤ የራሱን ቡድን ልጅ ጠልፎ የጣለ ቀን እንኳ። ዞሮ ወጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ፓንኬኩን ሳይበላ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ምድር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኮሪ ፊልም ማሳያው አጠገብ፣ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ክሪስታ በሩ ላይ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማለች። ሎሬይን ወረቀት ማደል ስትጀምር ኤልመር ብድግ አለ።

«ወረቀቱ ይቆይ። አንድ ነገር ልናገር።»

«ዛሬማ በአፉ ሊሆን ነው!» አለ ኦርቪል፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ ኤልመር። ላብ አጥምቆታል። «ጸሐፊው እኔ መሆኔን እንደምታውቁ ዛሬ ነው ያወቅኩት… ቅዳሜ ማለቴ ነው። እንግዲያው ይኼንንም ዕወቁ። ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ የማጥቃት አሰልጣኙ እኔ ነኝ። ሩጥ ብዬ ሮጠ፣ ወርውር ብዬ ወረወረ። ስድስቱንም ሽንፈት የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ…» የሚቀጥለው ቃል ጥርስ ከመነቀል ይልቅ አመመው። «እኔ ስለ ኳስ ምንም አላውቅም። የማውቀው ሥጋ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱም እያንዳንዳችን ውስጥ ውስጡን የየራሳችንን ብጫቂ ወረቀቶች እያስታወስን ነበር። የጥርስ ሐኪማችን ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ታዲያ ኮሪ ያሰለጠነው አንድ ጨዋታ ነዋ» አለች ሎሬይን ቀስ ብላ። «እሱንም አሸንፏል። ባላየነው ሰው ላይ ምን ብለን ድምፅ እንሰጣለን? ሁለቱን ጨዋታ በራሱ ጭንቅላት ይሞክር። የሚቃወም አለ?»

ኦርቪል የሆነ ነገር ሊል ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም አልተቃወመም። በሩ ላይ ክሪስታ የኮቷን ቁልፍ መፍታት ጀመረች፤ ኤልመር አየና እግዜርን አመሰገነ።

«ድምፅ ለመስጠት ግን ተሰብስበናል» አለች ሎሬይን፤ ይቺ ሴት ሰውን በዋዛ አትለቅም። «ትምህርት ቤቱ የማጥቃት አሰልጣኙ ይቀየር ወይስ ይቆይ ነው ያለን። አሰልጣኙ ደግሞ ራሱ አምኗል። ኤልመር ይቀየር የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!»

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። እጅ ሁሉ ወጣ። ኦርቪል ሁለቱንም እጁን አወጣ። ክሪስታ እንባዋን በአንድ እጇ እየጠረገች ሌላውን አወጣች። ኤልመርም የራሱን ከሁሉም ከፍ አድርጎ አወጣ፤ በሕይወቱ ከእኛ ጋር ተስማምቶ ሲያውቅ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«ለሥነ ሥርዓቱ ያህል» አለች ሎሬይን፣ «ይቆይ የሚል አለ?»

ፊልም ማሳያው አጠገብ አንድ እጅ ወጣ። የኮሪ ነው። አይስቅም፤ ኤልመርን ትክ ብሎ ያየዋል።

«አውርድ እጅህን!» አለ ኤልመር፤ ጮኾ ሊቆጣው ነበር፣ ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «አውርድ እላለሁ! ይኼው እኮ ነው ችግርህ፣ አንተ ልጅ… ና ቁጭ በል እዚህ፣ እኔ ጎን። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ምን እንደምታስብ አንተ ራስህ ንገረኝ።»