ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው አድባር

«ሳቅሽን ዋጥ አድርጊው፤ ሰውየው እኮ ከልቡ ነው የሚጠይቀኝ።»

አባዬ ይህን በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ልጅ ሳለሁ፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ በነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ በር ላይ ነው። ያኔ አባዬ የካምፑ ዘበኛ ነበርና አመሻሽ ላይ እራቱን ይዤለት እሄዳለሁ፤ በልቶ ሲጨርስ ከተቆረጠ በርሜል በተሠራችው ምድጃ ዳር ቁጢጥ ብዬ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ የባሕር ዛፉን ፍም በእንጨት እየቆሰቆስኩ ተረት አስወራዋለሁ። ብዙ ጊዜ የካምፑ ምግብ አብሳይ ሊምም ሽርጡን ሳያወልቅ መጥቶ ከጎናችን ይቀመጥ ነበር።

ሁላችንም «ቻይናው» እንለዋለን እንጂ አያቶቹ ከቻይና በመርከብ ወጥተው ማሌዥያ የሚባል አገር የሰፈሩ ናቸው፤ እሱም የተወለደው እዚያው ነው። አማርኛ የለመደው በሌላ መንገድ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ቃሉን እንደ ካብ ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሳ ያስቀምጠዋል፤ የጎደለውን አባዬ እየሞላ ይተርክልኛል።

የሊም ተረት ሁልጊዜ ከባሕር ይጀምራል። ሰዎቹ ባሕሩን ተሻገሩ፣ ጫካውን መነጠሩ፣ ቤት ሠሩ፤ ከዚያ ትኩሳት ይጥላቸው ጀመር። ኋላ አንዲት አሮጊት «ይህ መሬት ባለቤት አለው፤ ሳናስፈቅድ ነው የገባነው» አለች። ባለቤቱ በዓይን የማይታይ ሽማግሌ ነው፤ ዳቶ ይሉታል። የቻይና ሳይሆን የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሙስሊም ስለሆነም የአሳማ ሥጋ በፊቱ አይቀርብም። ቀይ የተቀባች ትንሽ ቤት ሠሩለት፣ ፍራፍሬና ሻይ አቀረቡለት፣ ትኩሳቱም ለቀቃቸው። ሊም እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጨለመው ዳገት ያያል። እኔ አልገረመኝም ነበር። እኛም አድባር የምንለው አለን፤ ቄሶቹ ይቆጡናል እንጂ።

ሊም ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ ከሣጥን ጣውላ እንዲያ ያለች ቀይ ቤት ለደባርቅ ሽማግሌ ሠራ። ግን የዚህኛውን አመል አያውቅም። እናም በዚያ ምሽት አባዬን ጠየቀው።

«ጋሼ፣ የዚህ አገር ሽማግሌ ምን አይበላም?»

«የኛው ክርስቲያን ናቸው» አለ አባዬ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «አሳማ እንዳታስጠጋቸው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ይጾማሉ።»

«እንቁላልስ?»

«በጾም? ኧረ ሊም፣ ልታስኮንናቸው ነው?»

ሳቄ ያመለጠኝ ያኔ ነው። ሊም ግን አልሳቀም፤ «ረቡዕ፣ ዓርብ» እያለ በጣቱ መዳፉ ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ በእነዚያ ቀናት ብርቱካንና ሻይ ብቻ፣ በሌላው ቀን እንቁላል ወይም ዶሮ ያቀርብ ነበር።

የነነዌ ጾም እንዳለ ግን ማንም አልነገረውም። ሰኞ ዕለት የዶሮ እግር ሲያስቀምጥ አባዬ አየውና «ሊም! ጾም ገብቷል እኮ፤ ሽማግሌውን አስገደፍካቸው!» ብሎ ሳቀበት። የሊም ፊት አመድ መሰለ። ዶሮውን አነሳ፤ መልሶ መላልሶ እጅ ነሳ።

በማግሥቱ እናቴ ምጥ ያዛት። ልጅቱ በሰላም ወጣች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። የካምፑን ሾፌር ከመኝታው ጎትቶ ያመጣው ሊም ነበር። ወደ ጎንደር ይዘዋት ወረዱ፤ በዚያው አዲስ አስፋልት፣ ዳባት ሳይደርሱ እናቴ አረፈች።

በሥልስቷ ሊም ለቅሶው ድንኳን ድረስ መጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አባዬ ፊት ተንበርክኮ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ዶሮ። እኔ አስገደፍኩ» አለ።

«ምንድነው የሚለው ቻይናው?» አለች አንዷ ለቀስተኛ።

አባዬ ብቻ ገባው። «ወንድሜ፣ ቀልዴን እኮ ነው! የጾመም የገደፈም የለም። የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ብሎ ሊያነሳው ቢሞክር፣ ሊም ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ቀለድክ፣ ጋሼ። እሱ ግን ሰማ።»

አባዬ ሊምን እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠውና ሁለቱም አቀርቅረው ዋሉ።

ካምፑ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል እስኪዛወር ድረስ ሊም ለሽማግሌው ሥጋ አላቀረበም። አባዬም ከዚያ ወዲህ ተረት አላወራኝም፤ አውራኝ ስለው «ምላሴን ተይው» ይለኛል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ቀረሁና እህቴን በጡጦ አሳደግኩ። ሳዝላት ጎረቤቶቻችን ከንፈር ይመጡና «ይቺ ናት እናቷን የበላችው» ይሉ ነበር፤ እየሰማች ነው ያደገችው። ዛሬ ከእነዚያ ምሽቶች የቀረኝ የባሕሩ ተረት አይደለም። ሞት ቤት ሲገባ ሰው ያለ ጥፋተኛ መቀመጥ እንደማይሆንለት ነው የቀረኝ። ሊም ዶሮውን አገኘ፣ አባዬ ምላሱን፣ ሰፈሩ ደግሞ ሕፃኗን።

ዘንድሮ ዳባት ባሌ ቤት ስወልድ ልታርሰኝ የመጣችው እህቴ ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ገንፎ ታገነፋለች፣ ጨርቅ ታጥባለች፤ ልጁን ግን አልነካም አለች።

«ያዥልኝ እስቲ።»

«እኔ አልይዝም። እጄ ጥሩ አይደለም።»

«ማን አለሽ?»

«ይታወቃል እኮ፣ እታለም።»

ስለ ሊም ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳት። «ሽማግሌውን አስገደፍካቸው» ስል አፏን ይዛ ሳቀች። ድንኳኑ ጋ ስደርስ እጇን ከአፏ አወረደች።

«ዶሮው ነው እንዴ የገደላት?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«የአባዬስ ቀልድ?»

«እሱም አይደለም።»

ሌላ ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች። ልጁን ከጡቴ አላቀቅኩና እቅፏ ውስጥ አስቀመጥኩላት።