ባሪቶን ይፈለጋል

ሙሉካ በዚያ ሳምንት አንድ ቦታ መርጋት አቃተው። ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ዲላን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሲያስስ የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ እንደ ግንድ መውደቅ ነበረበት። እሱ ግን ራቱን ቆሞ ይበላል፣ በሩን ከፍቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ሚስቱ ትንቢት ታየዋለች፤ ምንም አትለውም። የባሰበት ይሄ ዝምታዋ ነው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ጣጣው የመጣው ከትከሻው ነው። የከተማው ማርሽ ባንድ ይርጋ ጨፌ ላይ የእግር ኳስ ውድድር ሊያስከፍት ሄዶ ማርሹን ሲጨርስ ሕዝቡ «ድገሙ!» አለ። የባንዱ መሪ ሃምሳ አለቃ መላኩም ሞቅ አላቸውና አንድ የጭፈራ ዜማ አዘዙ። ሙሉካ ባሪቶኑን አቅፎ ነፋ። ነፍቶ ቢበቃው ጥሩ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ትከሻ ሲያመልጥም እንደዚያው ነው። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ቪዲዮው ከሰው ሰው ሲዞር ውሎ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ሙሉካ ራሱም አለበት። የገዛ ትከሻው ሲሰበቅ እንደ ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ አየው።

ለሌላ ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። እሱ ባደገበት ቤተ ክርስቲያን ግን መዝሙር ሌላ፣ ዘፈን ሌላ ነው፤ ዘማሪ የሆነ ሰው ዘፈን ደጅ አይደርስም። ሙሉካ ባንዱ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ማምለጫ የምትሆነው አንዲት ቃል ነበረችው። «ማርሽ ነው» ይላል ሲጠይቁት። «ዘፈንም አይደለም፣ መዝሙርም አይደለም። ማርሽ ለእግር ነው።» ሽማግሌዎቹም ይህን ሰምተው ትተውት ነበር። አሁን ግን ቃሏ አላዋጣችም፤ በማርሽ ትከሻ የሚሰብቅ ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

ጋሽ ወልደዮሐንስ አስጠሩት። የመዘምራኑ መሪ ናቸው። ሙሉካ ለትምህርት ከፍስሐ ገነት ዲላ ሲመጣ ከወጣቶቹ መሃል ለይተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ድምፁ ሲጎረምስ አንዴ ሲቀጥን አንዴ ሲሻክር አፍሮ ሊሸሽ ሲል፣ «የትም አትሄድም፤ አንተ ቀጭኑ ቴነርም አይደለህም፣ ወፍራሙ ቤዝም አይደለህም። መሃላቸው ያለኸው ባሪቶን ነህ» ብለው ስም አወጡለት። ያቺን ስም እንደ ማዕረግ ይዟት ኖረ። ወፈር ባለ ድምፅ የሚዘምሩት ሴቶች፣ አልቶዎቹ፣ ከሚያልቁበት ቀጥሎ አቆሙት፤ የአልቶዎቹ መጨረሻ ትንቢት ነበረች። ትዳራቸው የተጀመረው እዚያ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲዘምሩ ነው።

«ወንድም ሙሉካ» አሉት ጋሽ ወልደዮሐንስ። ከልጅነቱ ጀምሮ «ሙሌ» ሲሉት የኖሩ ሰው «ወንድም» ሲሉት ነገሩ እንደ ከበደ ገባው። «በሁለት ቢላ መብላት አይቻልም። እሁድ ከአምልኮ በፊት መዘምራኑ ፊት ቆመህ ትናገራለህ። ወይ ባንዱን ትተዋለህ፣ ወይ ከአገልግሎት ትታገዳለህ።»

ሙሉካ እሺም እንቢም ሳይል ወጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው እግሩ አላርፍ ያለው። ቆጣሪ ሊያነብ የገባበት ግቢ ውስጥ ቆጣሪውን ሳያይ ይወጣና ከመንገድ ይመለሳል። መዘምራኑን ቢያጣ ከትንቢት ጎን የነበረውን ቦታ ያጣል። እሷስ? ባሏ ታገደ ሲባል እዚያ መሃል ቆማ መዘመሯ ነው? አፍራበት ይሆን? ሊጠይቃት አፉን ይከፍትና ስለ ጨው ያወራል።

ባንዱን ይተው እንዳይባል ደግሞ ባንዱ ውስጥ የገባው እንደ ሌላው አይደለም። «ለከተማው ባንድ ባሪቶን ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቶ፣ እኔን ነው የሚፈልጉት አለ። ሱፉን ለበሰ፣ ጉሮሮውን በዝንጅብል ሻይ አሙቆ ሄደ፣ ባንዱ ፊት ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ዘመረላቸው። ዓይኑን ሲገልጥ ሰው ሁሉ በሳቅ ሞቷል። ባሪቶን ለካ የመሣሪያም ስም ነው፤ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አፉ ወደ ሰማይ የዞረ፣ እንደ ሕፃን የሚታቀፍ ናስ። ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቁም። መሣሪያውን አምጥተው አሳቀፉትና «አንተ ድምፁን ይዘህ መጥተሃል፣ እሱ ናሱን ይዟል። ተስማሙ» አሉት። ተስማሙ። ጉንጩ እያበጠ፣ ከንፈሩ እየደነዘዘ፣ በመጨረሻ ተስማሙ።

ቅዳሜ ከሰዓት ባሪቶኑን በከረጢቱ አንጠልጥሎ ባንዱ ወደሚለማመድበት አዳራሽ ሄደ። ሊመልሰው ነው። ዚያድ ብቻውን ዩፎኒየሙን ሲወለውል አገኘው። ዩፎኒየም የባሪቶን ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሱ ወፈር ይላል፣ ድምፁም ይደነድናል። ዚያድ የባለ ሱቅ ልጅ ነው፣ ሰላምታው ቀልድ ነው።

«ትከሻው መጣ!» አለ። «አባቴ ቪዲዮህን ለደንበኛ ሁሉ እያሳየ ነው፣ ወላሂ! ዕቃ የሚገዛው ሰው ጠፋ፤ ሁሉም የሚመጣው አንተን ሊያይ ነው።»

ሙሉካ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። ሃምሳ አለቃ ከውስጥ ወጥተው ከረጢቱን አዩ፤ ፊቱንም አዩ።

«ልትመልስ ነው?»

«ነገ አንዱን ምረጥ ብለውኛል።»

ሃምሳ አለቃ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ባሪቶንና ዩፎኒየም ልንፋ ብሎ ከቤቱ የተነሳ ሰው አላየሁም። ልጅ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ትራምፔት ነው። ይሄ ዚያድ በትምህርት ቤቱ ትራምፔት ነበር የሚነፋው፤ ኳስ ጥርሱን ሲሰብረው፣ የዩፎኒየም መንፊያው ሰፊ ነው ብዬ ወደዚህ አዞርኩት። እኔ ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክንድ እየዘረጉ የሚነፉትን ትሮምቦን ነበር የምነፋው፤ ክንዴ ቆስሎ አልዘረጋ ሲለኝ መጣሁ። አንተ ደግሞ ተሳስተህ መጣህ። ሁላችንም ተሰናክለን ነው እዚህ የወደቅን።»

«ማርሽ ነበር ብላቸውስ?» አለ ሙሉካ። ቆሞ ነው፤ አንዴ በአንድ እግሩ፣ አንዴ በሌላው።

«ማርሽማ አልነበረም። ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» ሃምሳ አለቃ ፈገግ አሉ። «ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። እንደዚያን ቀን ነፍተህ አታውቅም። ደስ ብሎህ ነበር።»

ሙሉካ ከረጢቱን አንስቶ ይዞት ወጣ፤ ለምን ይዞት እንደ ወጣ ግን እሱም አያውቅም። ከአዳራሹ ከከተማው ውጭ እስካለችው ጭጩ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ናሱን እንደ ተሸከመ ተመለሰ። ቤቱ ሲደርስ ወስኗል፤ እተወዋለሁ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቦታው ላይ ይቆማል፣ ያልቃል።

እሁድ ጠዋት መዘምራኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ልብሳቸውን ለብሰው ቆሙ። ጋሽ ወልደዮሐንስ «እሺ፣ ወንድም ሙሉካ» አሉት። ሙሉካ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናውን ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሌላ ነው።

«ማርሽ ነው እያልኩ ዋሽቻችኋለሁ። ዘፈን ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የነፋሁት። እተወዋለሁ ብዬ ብነግራችሁ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። እዚህም ስዘምር እንደዚያው ነው ደስ የሚለኝ። ሁለቱ እኔ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም።»

ሙሉካ ትንቢትን አያት። እሷ የልብሷን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። የጋሽ ወልደዮሐንስ ዓይን ቀላ።

«እንግዲያው ልብሱን አስቀምጥ» አሉት በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

አውልቆ አጥፎ ወንበር ላይ አኖረው። በውጭ ዞሮ ገብቶ ከምእመናኑ ጋር ከፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ይቃጠላል። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ብቻ መሰለው። መዘምራኑ ገብተው ሲሰለፉ ከትንቢት ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ጠጋ ብሎ የሞላው ሰው የለም።

ዝማሬው ተጀመረ። መጀመሪያው ምንም አልሆነም። ነገር ግን መሃል ላይ ሌላው ድምፅ ሁሉ ዝም ሲል የሙሉካ ድምፅ ብቻውን ይዞ የሚያሻግራት ቦታ አለች። ቤዞቹ ይሸፍኑታል ተብሎ ነበር። ቦታዋ ስትደርስ አንዱ ቤዝ ጀመረ፣ ሳተ፣ አቆመ። ጋሽ ወልደዮሐንስ እጃቸውን አየር ላይ እንዳነሱ ቀሩ። ሙሉካ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ።

ያኔ ትንቢት ገባች። የራሷን አልቶ ትታ፣ ሴት ልጅ ልትወርድ እስከምትችልበት ድረስ ወርዳ፣ የሱን ድምፅ ያዘች። ሻካራ ነው፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ግን አንዲት ኖታ አልሳተችም። ዓይኗ ከመሪው ላይ አልነበረም፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ባሏን ነበር የምታየው። ሙሉካ እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ለመጥረግ እንኳ አላሰበም።

ዝማሬው ሲያልቅ ጋሽ ወልደዮሐንስ ጠጋ ብለው፣ ከፊት አግዳሚ ለተቀመጠ ሰው በሚሰማ ድምፅ፣ «ትንቢት፣ ልጄ፣ ይሄ ድምፅ እኮ ያንቺ አይደለም» አሏት።

«የኔ ነው፣ ጋሼ» አለች።