ከሰንበቴ የገዛሁት ኮርሳ

ይህ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እስካሁን ግን በጨፋ ሮቢት ባለፍኩ ቁጥር ግራ ቀኝ ሳላይ አላልፍም።

ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጣሊያን ኮርሳ ብስክሌት ስመኝ ኖሬ፣ አንድ የሰንበቴ ገበያ ቀን ከከብት ተራው ዳር ቆሞ አገኘሁት። ቀጫጭን ጎማ፣ እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ መሪ፣ ብረቱ ላይ የደበዘዘ የጣሊያን ጽሑፍ። ሻጩን አላውቀውም። ፍየል ብገዛ ኖሮ ያልተሰረቀች ለመሆኗ ዋስ ሳይጠራልኝ ገመዷን አልይዝም ነበር። ለብስክሌት ዋስ መጠየቅ ግን ትዝም አላለኝ። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ተጣድፌ ገዛሁት።

ደስታዬ ሦስት ቀን አልቆየም። ፔዳሉን ስረግጥ መሃሉ ይንቋቋል። የትኛው ዕቃ የራሱ፣ የትኛው የተቀየረ እንደሆነ አላውቅ፤ ስፌቱን እየተውኩ በየደቂቃው እየተነሳሁ አየዋለሁ። በመጨረሻ ጥገና ቤት ወሰድኩት።

ጠጋኙ በቀኝ በኩል ያለውን፣ የፔዳሉን ኩሽኔታ የያዘውን ቀለበት እንደለመደው ወደ ቀኝ ገፋው። እንቢ አለ። መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ሊጫነው ሲል፣ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ቆሙ።

«ዲሲ፣ ተወው። ጥርሱን ትበላዋለህ። የሌላው ሳይክል በዚህ በኩል ወደ ቀኝ ነው የሚፈታ፣ የጣሊያኑ ወደ ግራ ነው» አሉት።

ጠጋኙ ወደ ግራ ቢያዞረው ለቀቀ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው ብስክሌቱን ይዳስሱ ጀመር። «መሪው የራሱ ነው። የኋላው ጎማ የቻይና ነው። የኮርቻው ብሎን የባጃጅ ነው፤ አልገባ ብሎ አናቱ ተሞርዷል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብሎኑን ቅባትና አቧራ ደፍኖታል፣ ጭራሽ አይታይም። በጥፍሬ ስፍቀው እውነትም ተሞርዷል። ደነገጥኩ።

«ከየት አገኘኸው ልጄ?» አሉኝ።

ሰንበቴ ብል ብስክሌቱ ሊሄድብኝ ነው።

«ያጎቴ ነው አባባ። ከአዲስ አበባ ነው ያመጣልኝ» አልኩ።

ኮርቻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ኸይር ነው። እኔም እንዲህ ያለ ነበረኝ፣ ጨፋ ሮቢት ከደጄ ከጠፋ ዓመት ሆነው። አላህ በረካ ያድርግልህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ብስክሌቱን ይዤ ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። ስማቸውን አልጠየቅኩ፤ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ብዬ ማንን ልጠይቅ? ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ያያቸው ሰው አላገኘሁም።

ብስክሌቱ አሁን አይንቋቋም። ግድግዳ አስደግፌው ተቀምጧል፤ ልሸጠውም ልነዳውም አልቻልኩም። እሳቸው ሁሉን እያወቁ መረቁኝ። ሰው ፊት ሌባ ብለው ቢያዋርዱኝ ይሻለኝ ነበር።